የሹፌሩ ካፖርት ጀርባ

ሰፈሩ ሁሉ ኤሊ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። ሌላው ሰፊ በሳምንት የሚያደርሰውን እሷ ወር ትይዘዋለች። አዲስ ጨርቅ አትገዛም። የሚመጣላት አሮጌ ልብስ ነው፦ የሟች አባት ኮት፣ የጠበበ ቀሚስ፣ ፀሐይ የበላው መጋረጃ። ያንን ስፌት በስፌት ትተረትረዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ ትተኩሰዋለች፤ ከዚያ በባለቤቱ ልክ እንደገና ትቆርጠዋለች። «ኤሊ ጋ ልብስ የሰጠ፣ እስኪደርስለት ወይ ይከሳል ወይ ይወፍራል» ብለው ይቀልዱባታል። ቀልዱን የሚያወሩት ግን እሷ የሰፋችላቸውን ለብሰው ነው።

ለደንበኛ ሁሉ የምትሰጠው ቃል አንድ ነው። ያመጡት ጨርቅ ተመልሶ የሚወጣው ለእነሱ ነው፤ የሌላ ሰው ቁራጭ አይገባበትም። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ይተከላል። ዓይን አፋር ናት። ሰው የሚያምናትም ምናልባት በዚሁ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚናገረው ይላሉ።

ያን ቀን ጠዋት መስኮቱን ከፍታ የመስታወት ቆራጩን ካፖርት ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መስታወት ቆራጩ ከማዶ ባለው ጎዳና ሱቅ ያለው ትከሻ ሰፊ ሰውዬ ነው። አባቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ኩባንያው ከሰጣቸው ግራጫ ካፖርት ሰደርያ እንድትሰፋለት አዝዟታል። ጨርቁ ከተተረተረና ከታጠበ ሰንብቷል። ለመቁረጥ የቀረው መተኮስ ብቻ ነበር።

እርጥብ ነጠላ ጨርቅ አልብሳ ካውያውን አሳረፈችበት። እንፋሎቱ ብን ብሎ ወጣ። ጨርቁን ስትገልጠው ከግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ከሌላው ትንሽ አበጥ ብላ ታየቻት። ጎንበስ አለች። ቀዳዳ ነበር። አንድ ሰው ከዚያው ከካፖርቱ ጠርዝ ክር መዝዞ፣ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፈ፣ እንደ ሸማኔ ሞልቶታል። ደረቅ ሆኖ ቢሆን በጣት እንኳ አይገኝም።

ኤሊ ክው አለች። ይህን ስፌት አይታው አታውቅም፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን ታውቃለች። የመስታወት ቆራጩ ቤት እጅ አይደለም።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከልጇ ጋር መጥታ ነበር። የእሷም ባል የዚያው ኩባንያ ሹፌር ነበሩ፤ ካፖርቱም ያው ግራጫ፣ ልኩም ያው። ልጅቷ ጃኬት እንዲሆንላት ፈለገች፤ እናትየዋ እንቢ አለች። «ቀብሬው ስመለስ ካፖርቱ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። አሁን እሱን ደግሞ ላስቆራርጠው?» ኤሊ ያንኑ ቃሏን፣ በዚያው ቀጭን ድምፅዋ፣ ሦስት ጊዜ ደገመችላት። የሌላ ሰው ቁራጭ አይገባበትም። ሴትዮዋ በመጨረሻ ካፖርቱን ከእቅፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «የወንበሩ ሽቦ ቀዶት ጀርባው ላይ የሠራሁት ስፌት አለ። ካገኘሽው ሰፊ ነሽ። ካላገኘሽው ቤቴ ነይና ላስተምርሽ» አለቻት።

ኤሊ ስትተረትር ፈልጋ አላገኘችውም። ከታጠበ በኋላም ፈለገች። ሊሰፋ ሲል የጃኬቱን ጀርባ በመስኮቱ ብርሃን ገልብጣ ደባበሰችው፤ ንጹሕ ነው። «ሴትዮዋ እጇ ወርቅ ነው» አለች በልቧ። ጨርቁ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ብላ አላሰበችም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር፤ እሷ ግን ስፌት ያለመታየቱን የስፌት ጥሩነት አድርጋ የምትቆጥር ናት፤ አለመገኘቱን አደነቀችላት።

አሁን የቁርጥራጭ ከረጢቱን አወረደችና ወለሉ ላይ ገለበጠችው። የደንበኛ ጨርቅ ሲተረተር በየጥጉ አንዲት ባለ ቀለም ክር ትቋጥርበታለች፤ ቀይ ያለበት የእገሌ፣ ቢጫ ያለበት የእገሊት። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶ ቀለም አለቀባትና ለሴትዮዋ ካፖርት ጥቁር፣ ለመስታወት ቆራጩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቋጠረች። በቀን ብርሃን ይለያያሉ። ጨርቁ በተሰጣ ዕለት ግን አመሻሽ ላይ ዝናብ መጣና ከአክስቷ ጋር እየተጋፉ ከገመዱ ላይ አፍሰው አስገቡት፤ የለዩትም በቢጫው አምፖል ሥር ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ደግሞ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥቁር ነው።

ከጃኬቱ ጀርባ የተረፈችውን ጥግ አገኘቻት። ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ክሯ ሰማያዊ ናት። የመስታወት ቆራጩ።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ምሰሶ የቆምሽው?» አለች አክስቷ። አክስቷ ጥግ ላይ ካለችው አጭር ወንበር ሆና መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰቅላ የአንድ ቀሚስ ስፌት ትተረትራለች። እጇ ቀስ ያለ ነው፤ ምላሷ ግን ከመቀሱ ይስላል። «ካውያው ጠረጴዛውን ሊበላው ነው።»

ኤሊ ካውያውን አነሳች። «የልጅቷ ጃኬት ጀርባ የአባቷ አይደለም።»

አክስቷ መተርተሩን አላቆመችም። «የማን ነው ታዲያ? የእኔ?»

«የመስታወት ቆራጩ አባት። ያን ዕለት ስንለይ ተምታትቶብናል።»

አሁን አቆመች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ስትደነግጥ እንዲህ ታደርጋለች። ከዚያ መልሳ አደረገችው። «ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ።»

«እኔ ረስቼዋለሁ። አንቺም እርሺው።»

«አክስቴ።»

«ስሚኝ። ሁለቱም ግራጫ። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ። ሁለቱም ሹፌር፣ ሁለቱም ሟች። ጨርቁን ራሱን ብትጠይቂው የማን እንደሆነ አያውቅም። ልጅቷ ነገ ሥራ ትጀምራለች፣ ለብሳው ልትሄድ ነው፣ ከእናቷ ጋር አሁን ይመጣሉ። ጀርባ ፈትተሽ፣ ሌላ ቆርጠሽ፣ በእጅሽ ሰፍተሽ፣ ገበር መልሰሽ፣ አንቺ ደግሞ ኤሊ ነሽ።»

«እናትየዋ ስፌቷን ትጠይቀኛለች።»

«ቦታውን ዛሬ አወቅሽው አይደል? ‹ከግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ ነው፣ እንዳይጎዳ ገበሩ ውስጥ አስገባሁት› ትያታለሽ። ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሰውዬው ይሄኛውን ይወስዳል፤ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለት ሰው ደስ ሲለው አንቺን ምን ያስከፋሻል?»

ኤሊ ካውያውን መቆሚያው ላይ አኖረች። የአክስቷ ነገር ያለ ችግር የሚሆን መሆኑ አስፈራት። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ሱቋ እንዳለ ይቀጥላል፤ ስሟም። ብትናገር ግን ነገ ሰፈሩ ምን እንደሚል ይታወቃል። ኤሊ ጋ የሰጡት የአባት ልብስ ሌላ ሰው ጀርባ ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ማን የሟቹን ኮት አቅፎ ደረጃውን ይወጣል?

ግን ደግሞ መስታወት ቆራጩ ሲለካ የተናገረው ትዝ አላት። የሰደርያ ጀርባ ብዙ ጊዜ ከገበር ጨርቅ ነው የሚሠራው፤ ኮት ሥር ስለሚውል ማንም አያየውም። እሱ ግን ጀርባውም ከካፖርቱ ይሁንልኝ አለ። ለምን ስትለው፣ እጆቹን ዘርግቶ እንደቆመ፣ «ልጅ ሆኜ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ነበር የምቀመጠው» አላት። «እሱ መንገዱን ያያል፣ እኔ ጀርባውን። አባቴን የማውቀው በጀርባው ነው።»

ያ ጀርባ አሁን በአንዲት ቀጭን ልጅ ወገብ ልክ ተቆርጧል። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ውሃ ቢያጠጡት አያድግም።

ስልኳን አነሳችና ደወለችለት። ከሰዓት በኋላ፣ እናትና ልጅ ከሄዱ ወዲያ፣ እንዲመጣ ልትነግረው ነበር። «ስለ ሰደርያው...» ከማለቷ፣ «ደረሰ? መጣሁ» ብሎ ዘጋው። መልሳ ብትደውል አያነሳም።

«አበድሽ» አለች አክስቷ በለሆሳስ።

ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። መስታወት ቆራጩ አልነበረም፤ እናትና ልጅ ናቸው።

ልጅቷ እየሳቀች ገባች። እናትየዋ ኋላ ኋላ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛ፣ ቤት እንደምትገዛ ሰው ግድግዳውን እያየች። ልጅቷ ጃኬቱን ከመስቀያው ላይ ስታይ፣ ኤሊ «ቆዪ» ልትል አሰበች፤ ልጅቷ ግን ቀድማ አወረደችው። ልጅቷ ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመች። ልክ ብሏታል። የኤሊ ሥራ ሁሌም ልክ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ምነው በጠበበሽ አለች በልቧ።

«እማዬ፣ እስቲ እይኝ።»

«ዙሪ።»

ዞረች። እናትየዋ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አኑራ ቀረበችና መዳፏን ልጇ ጀርባ ላይ፣ ሁለቱ ትከሻዎች መሐል፣ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው» አለች። «ይኸውልሽ አባትሽ።»

የኤሊ አክስት ከጥጓ አሳለች። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ ወደ ኤሊ ዞረች፤ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ታዲያስ፣ አገኘሽው?»

«ምኑን እትዬ?»

«ስፌቴን ነዋ።»

«አገኘችው እንጂ፣ እንዴት አታገኘውም!» አለች አክስት ብድግ ብላ። «ምን የመሰለ እጅ ነው የሰጠዎት። እኔ ራሴ አይቼ...»

«እሷን ነው የጠየቅኋት እቴ።»

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አንዷን ከሌላዋ እያፈራረቀች ታያለች። ኤሊ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። ቀላሉ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ከግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘሁት» አለች። «ይሄ ጃኬት ላይ ግን አይደለም።»

«ማለት?»

ከጠረጴዛው ላይ ያንን ጀርባ አንስታ በሁለት እጇ አቀረበችላት። «የባለቤትዎ ጀርባ ይሄ ነው። ልጅዎ የለበሰችው የሌላ ሰው ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። ሲታጠብ ተቀላቀለብኝ፣ ሳላውቅ ቆርጬ ሰፋሁት።»

ሴትዮዋ ጨርቁን አልተቀበለችም። ጣቷን ብቻ ላከች። ሳትፈልግ፣ ሳታይ፣ ጣቷ ቀጥ ብሎ ጥፍር የምታህለው ቦታ ላይ አረፈ። ከዚያ ልጇ ጀርባ ላይ የነበረውን ሌላውን መዳፏን ካውያ እንደነካት ሰው ሰበሰበችው።

«እኔ ዳስሼው ‹ይኸው› ስል እያየሽኝ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«ልትነግሪኝ ነበር ወይስ ልትተዪው?»

ኤሊ አሰበች። «ምን እንደማደርግ አላወቅሁም ነበር» አለች። እውነቷን ነው።

«ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።» ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ፣ ቦርሳዋ ላይ፣ ቁጭ አለች። «አሁን ምን ላድርገው? እ? ቤት ሄጄ ይሄን መዳፌን ምን ላድርገው?»

«እማዬ...»

«አንቺ አውልቂው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ...» ቀና አለች። «የማን ነው?»

«የሌላ ሹፌር። የዚያው የኩባንያው።»

«ሹፌርማ ሞልቷል። የትኛው?»

በሩ ተንኳኳና «ይግቡ» ሳይባል ተከፈተ። መስታወት ቆራጩ ትከሻውን አዘንብሎ ገባ፤ የዚህ ክፍል በር ለእሱ ዓይነት ሰው አልተሠራም። «ኤሊ የሚሏት ውሸታቸውን ነው» አለ እየሳቀ። «ይኸው ሳላስበው አደረሰችልኝ።» ከዚያ የቆሙትን አየና ሳቁ ቀነሰ። «እንደምን ዋላችሁ። ልመለስ?»

ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችው። ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ፣ ቀስ ብላ። «አንተ» አለች፣ «የቀጥ በል ልጅ አይደለህም?»

ሰውዬው ደነገጠ። ቀጥ በል የአባቱ የሹፌሮች ቅጽል ነበር፤ ከመስመራቸው አንዲት ስንዝር የማይወጡ ሰው ስለነበሩ። «ነኝ» አለ። «እርስዎ...»

«የጠምዝዝ ሚስት።»

ይህንንም ቅጽል ያውቀዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ተዘጋ።

ሴትዮዋ የልጇን ጀርባ አየች፣ ሰውዬውን አየች፣ ኤሊን አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። ከዚያ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ከስንት ሹፌር ጀርባ ይሄን መርጠሽ ነው ልጄን ያለበስሻት? በዓለም ላይ ሌላ ካፖርት አጣሽ?»

ኤሊ ለመስታወት ቆራጩ ነገረችው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር አይቀልም፤ እንዲያውም ይብሳል። የአባትዎ ጀርባ ያ ነው፣ በእሷ ልክ ተቆርጧል፣ አይበቃዎትም አለችው እየተንተባተበች። ሰውዬው አላቋረጣትም። ስትጨርስ ዓይኑን ከልጅቷ ጃኬት ሳይነቅል፣ «እኔም ሥራዬ መቁረጥ ነው» አለ። «መስታወት ስቆርጥ ስሳሳት ለሰውዬው ሌላ መስታወት እሰጠዋለሁ። አንቺ ምን ልትሰጪኝ ነው እህቴ?»

ኤሊ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

«ዝም ብትይኝ አላውቅም ነበር አይደል?» አለ።

«አያውቁም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ይቺ ልጅ ስትዋሽ ያስነጥሳታል» አለች አክስት። ማንም አልሳቀም።

«ምናችሁ ነው ግን?» አለች ልጅቷ። ጃኬቱን ማውለቅ ጀምራ እጅጌዋ ላይ ቀርታለች። «አባቴና አባቱ ምን ሆነው ነው?»

እናትየዋ ለልጇ ሳይሆን ለሰውዬው መለሰች። «ንገራት። ያንተ ቤት እውነት መናገር ይወዳል።»

«እኔ ልጅ ነበርኩ።»

«እሷም ነበረች። እንዲያውም መወለዷ ነበር።» ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺን ሲያምጠኝ አባትሽ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ከመስመር አውጥቶ ሐኪም ቤት በር ላይ አቆመው። ይሄን ታውቂያለሽ።»

«አንዷ ሴትዮ እጅሽን ይዛሽ፣ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ‹የምወርድበት አለፈ› እያለ ሲሳደብ።»

«እሱን። ያላልኩሽ፣ ማን እንደተናገረበት ነው። ከኋላው ሌላ አውቶቡስ ነበረ። ቀጥ በል። አለቆቹ ሲጠይቁት ሁሉንም ዘረዘረው፤ የት እንደታጠፈ፣ የት እንደቆመ። አባትሽን ከመሪው አውርደው ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲያሳጥቡት ከረሙ። አንቺን ሲያቅፍሽ እጁ በሳሙና ተልጦ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አላናገረውም። አንድ መስመር እየነዱ፣ ፊት ለፊት እየተላለፉ።»

«አባቴ አልተናገረበትም» አለ ሰውዬው። ድምፁን አላነሳም። «ተጠየቀ። ያየውን መለሰ።»

«ያየውን! ዓይን ያለው እሱ ብቻ ነበር? ከኋላው ስንት ሹፌር ነበረ፤ ሁሉም ‹አላየሁም› አለ።»

«ሌሎቹ ዋሹ።»

«ሌሎቹ ሰው ነበሩ።»

እናትየዋ የገዛ ቃሏን ራሷ ሰማችው መሰለ፤ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ኤሊ ሄደ። ኤሊ ያንን ጀርባ አሁንም በሁለት እጇ ዘርግታ እንደያዘች ቆማለች። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። ምን እንዳሰበች ኤሊ አላወቀችም፤ ብቻ ፊቷን ማየት አልቻለችምና ወለሉን አየች።

«ፍቺው» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «አሁን። እዚሁ፣ እያየሁ።»

ኤሊ ጃኬቱን ከልጅቷ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ገበሩን ከሥር ፈታችው። መተርተሪያዋን አንስታ የጎኑን ስፌት ጀመረች። ስፌት ሲተረተር አንዱ ጨርቁን ወጥሮ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ መተርተሪያው ከክሩ አልፎ ጨርቁን ይበላል። አክስቷ ልትይዝ ተነሳች፤ ጉልበቷ ግን ከጥጓ እስክትደርስ ጊዜ ይፈልጋል። መስታወት ቆራጩ ቀድሞ ጠረጴዛው ማዶ ቆመና ጠርዙን ያዘ። ስለታም ነገር የለመደ እጅ ነው፤ አጥብቆም አልሳበ፣ አላልቶም አልተወ። ክሩ ጠብ ጠብ እያለ ይበጠሳል። ሌላ ድምፅ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ በእጇ የሰፋችውን ስትፈታ ኤሊ ያዘነችው ለስፌቱ አልነበረም።

ጀርባው ተላቀቀ። ሰውዬው አንስቶ አየው። ገለበጠው። ከዚያ ሳይታሰብ እጁን በትከሻው ላይ አሳልፎ የገዛ ጀርባው ላይ አሳረፈውና መስታወቱ ፊት ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፣ በአንገቱ ዞሮ ለማየት እየሞከረ። ጨርቁ አከርካሪው ላይ ተኝቷል። ትከሻው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ግን ከእጅ መዳፍ የሰፋ ሸሚዝ ይታያል።

«ጎኑ ጎደለ» አለ ለራሱ።

ልጅቷ በሸሚዟ ቀርታ ክንዷን አቅፋ ቆማለች። አክስት መነጽሯን ትጠርጋለች።

«የሌላ ቀለም ጨርቅ ልጨምርበት እችላለሁ» አለች ኤሊ። «ከገበር። ወይም...»

«የሰው ቁራጭ አይገባበትም ብለሽኝ አልነበር?» አለ ሰውዬው።

«ብዬዎታለሁ።»

እናትየዋ ከወንበሯ ተነሳች። ሰውዬውን ከኋላው አየችው። እሱ መስታወቱ ውስጥ ሊያያት ይችላል፤ እሷ ግን ፊቱን አላየችም። ስንት ዓመት ከአውቶቡስ መስኮት ስታየው የኖረችው የአባቱ ጀርባ ነው፤ አንዴ ዘወር እንዲልላት ተመኝታ የማታውቀው።

«የእጅጌው ትርፍ የት ነው?» አለች።

ኤሊ አልገባትም። «የቱ እጅጌ?»

«የባሌ ነዋ። ልጅቷ ክንዷ ቀጭን ነው፣ ከእጅጌው ተርፏል። እጅጌው እንኳ የራሱ ነው ወይስ እሱንም ቀይረሽዋል?»

«የራሳቸው ነው። ክሩን አይቼዋለሁ።»

«ለሁለት ጎን ይበቃል?»

ኤሊ ለካችው። «ይበቃል።»

መስታወት ቆራጩ ዞረ። ጨርቁ ከትከሻው ተንሸራቶ እጁ ላይ ቀረ። «አይሆንም እትዬ። ይቅርብኝ።»

«ላንተ መሰለህ? የልብስ ጎን ጎድሎ ማየት አልወድም።»

«አባቴ ቢኖር አይለብሰውም።»

«የኔውም ቢኖር አይሰጥህም። ሁለቱም የሉም። የሚሰጠው እኔ ነኝ፣ የሚለብሰው አንተ ነህ። ካልፈለግህ ጨርቅህን ጠቅልለህ ውጣ።»

ሰውዬው እውነትም የሚጠቀልል መሰለ። ጀርባውን አጠፈው፤ በሩን አየ። ቢወጣ ኤሊ አታስቀረውም፤ ምን ብላ? መንገዱን ሁሉ እያወራ ቢወርድም መብቱ ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ልትል ስትል እናትየዋ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«እኔ ግን ‹ምነው አባቴ በዋሸ› እላለሁ ብለው አይጠብቁ» አለ በመጨረሻ።

«አልጠበቅሁም። እኔም ይቅርታ አላልኩህም።»

«እንዳልተባባልን።»

«እንዳልተባባልን።»

የታጠፈውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ኤሊ ሄደና ሁለት እጁን ጎንና ጎን ዘረጋ። «በይ ለኪኝ። ጎኑ አዲስ ልክ ይፈልግ ይሆናል።» ሳይስቅ ጨመረ፦ «ቶሎ አልልሽም። ግን ከእንግዲህ እኔ እዚህ ሳልኖር አትቁረጪው። መጥቼ እቆማለሁ።»

«ይምጡ» አለች ኤሊ። የደረት ልኩን ያዘች። ቁጥሩን አየችና ወዲያው ጠፋባት። እንደገና ለካች።

እናትየዋ ቦርሳዋን አነሳች። ልጇ ነገ ምን ለብሳ ሥራ እንደምትገባ አልጠየቀችም፤ ልጅቷ ራሷ «በሹራቤ እገባለሁ፣ ሥራው እንደሆን ነገ ብቻ አይደለም» አለች፤ አክስት ይህን ሰምታ «አትደነግጥም፣ ይቺ ልጅ ሹፌር ትሆናለች» ብላ አጉረመረመች። እናትየዋ ለመስታወት ቆራጩ ደህና ዋል አላለችውም፤ እሱም አልጠበቀም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«አንቺ።»

ኤሊ ሜትሯን ይዛ ዞረች።

«ጎኖቹን ስትገጥሚለት ስፌቱ ይታይ። ወፍራም ክር አድርጊበት። አንድ ጨርቅ እንዳይመስል።»

«እሺ እትዬ።»

«የባሌን ጀርባ ደግሞ ነገ መጥቼ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ነው የምትቆርጪው።» ደረጃውን መውረድ ጀመረች፤ ድምፅዋ ከታች ለልጇ ሲናገር ይሰማል፦ «ያ ስድብ የሚያበዛው ተሳፋሪ የት ሊወርድ እንደነበር ነግሬሽ አውቃለሁ?»